የተጠማው ታንኳ

ትርንጎ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረች። ከጠዋት እስከ ማታ ከአፏ የማትጠፋ አንድ ቃል አለች፦ «ለምን?»

«ዶሮ ውሃ ስትጠጣ ለምን ወደ ላይ ታያለች? የአህያ ጆሮ ለምን ረዘመ? እንቁራሪት ለምን ፀጉር የላትም?»

እናቷ «ኧረ ልጄ፣ አደነቆርሽኝ!» ትላለች።

አያቷ አባባ ልየው ግን አይሰለቹም። ጺማቸውን እያሻሹ ፈገግ ይላሉ። «እስቲ ዓይንሽ ይንገርሽ!» ይሏታል።

አባባ ልየው የሚኖሩት ጣና ሐይቅ ዳር ነው። ሥራቸው ዓሣ ማጥመድ ነው።

ታንኳቸውን የሠሩት ራሳቸው ናቸው። ደንገል የሚባለውን ረጅም የውሃ ዳር ተክል አጭደው፣ አድርቀው፣ ጥፍር አድርገው አሰሩት።

ሲቀዝፉ መቅዘፊያቸው «ጨብ! ጨብ!» ይላል።

ማታ ሲመለሱ ታንኳውን ከውሃ ያወጡታል። ዳር ላይ ካለው የሾላ ዛፍ ጋር አስደግፈው ቀጥ አድርገው ያቆሙታል። ውሃው ይንጠባጠባል። «ጠብ! ጠብ! ጠብ!»

«አባባ፣ ታንኳው ለምን ይቆማል?»

«እስቲ ዓይንሽ ይንገርሽ!»

ትርንጎ አየች፣ አየች። ታንኳው ቆሟል፤ በቃ። ዓይኗ ምንም አልነገራትም።

አንድ ዓርብ ቀን አባባ ልየው ደስ የሚል ወሬ ይዘው መጡ።

«ትርንጎዬ፣ ትንሿ ደሴት ላይ ያሉት የጥቋቁሮቹ ወፎች ጫጩቶች አድገዋል። ክንፋቸውን እየሞከሩ ነው!»

«ይውሰዱኝ! ይውሰዱኝ!» ትርንጎ ዘለለች።

«ነገ የእህቴ ልጅ ሰርግ አለ። ሰኞ እመለሳለሁ፤ ማክሰኞ እንሄዳለን። ሳይበሩ እንደርስባቸዋለን።»

በትራቸውን አነሡ። ወደ ታንኳው እያመለከቱ «አደራሽን፣ ጠብቂልኝ» አሏት።

አደራ! ትርንጎ ደረቷን ነፋች። እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ማንም ሰጥቷት አያውቅም።

ቅዳሜ ፀሐይዋ ትፋጅ ነበር። ትርንጎ ታንኳውን ነካ አደረገችው። «ኮሽ! ኮሽ!» አለ። ደርቋል!

«ውይ፣ ታንኳዬ! ለምን እንዲህ ደረቅህ? ውሃ ጠምቶህ ነው?»

ማን ይመልስላት? አባባ ሰርግ ላይ ናቸው። ስለዚህ ራሷ ጠይቃ ራሷ መለሰች። «አዎ፣ ጠምቶታል!»

ገፋችው። ታንኳው ቀላል ነው፤ «ሽርርር!» ብሎ ውሃው ውስጥ ገባ። እንዳይሄድባት በገመድ ከሾላው ጋር አሰረችው።

«ጠጣ! እስክትጠግብ ጠጣ!» አለችው።

ታንኳውም ጠጣ። ቅዳሜ ጠጣ። እሑድ ጠጣ። ሰኞም ጠጣ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ትርንጎ ታንኳውን ልታወጣ መጣች። ገመዱን ያዘችና ሳበች። «እ...ሕ!»

ታንኳው አልመጣም።

እግሯን ተክላ እንደገና ሳበች። «እ...ሕ!» ታንኳው ንቅንቅ አላለም። እሷ ግን ጭቃው ላይ ዱብ አለች።

ታንኳው ወደ ታች ወርዷል። ጫፉ ብቻ ነው የሚታየው። «ቡልቅ!» አለ።

ትርንጎ ፈራች። የአባባ ታንኳ! ያ ሁሉ አደራ! ጫጩቶቹስ?

ሮጣ ሾላው ጀርባ ተደበቀች። ወዲያው የአባባን ሳል ሰማች። «እህ! እህ! ትርንጎዬ፣ የት ነሽ?»

መደበቁን አልቻለችበትም። እያለቀሰች ወጣች።

«አባባ፣ እኔ ነኝ! የጠማው መስሎኝ አጠጣሁት። አሁን አልነሣም አለኝ!»

አባባ ልየው ታንኳውን አዩ። ትርንጎን አዩ። ጺማቸው ተንቀጠቀጠ። ተቆጡ እንዴ?

ኧረ የለም! ሳቅ ይዟቸው ነው።

«እኔስ ባንቺ ዕድሜ ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ? የአባቴን ታንኳ ‹ይበርደዋል› ብዬ በገለባ ሸፈንሁት። አይጦች ገብተው ወለዱበት!»

ትርንጎ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ እንዳንቺው ሄጄ እውነቱን ነገርኋቸው። አብረን አበጀነው።»

እናቷም መጣች። ሦስቱም ገመዱን ያዙ። «እ...ሕ! እ...ሕ! እ...ሕ!» ታንኳው ወጣ።

ከሾላው ጋር አቆሙት። ውሃው «ዠርርርር!» ብሎ ወረደ። የትርንጎ እግር ራሰ።

ትርንጎ ዓይኗን አፈጠጠች።

«አባባ! ደንገሉ ውሃ ይጠጣል! ብዙ ሲጠጣ ይከብዳል። እርስዎ የሚያቆሙት ውሃው እንዲወርድለት ነው!»

«ይኸው፣ ዓይንሽ ነገረሽ!» አሉ አባባ። «ታንኳም እንደ ሰው ነው። ሲሠራ ውሎ ካላረፈ ይከብዳል።»

«ነገ ግን እንሄዳለን አይደል?»

«ሦስት ፀሐይ ያስፈልገዋል።»

«ሦስት! ጫጩቶቹ ይበሩብኛል!»

«ይበሩ ይሆናል፣ ልጄ። ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። እንዲህ እንደራሰ ብንወጣ መሃል ሐይቅ ላይ ዓሦቹ ይስቁብናል።»

ትርንጎ ከፋት። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ከአባባ ጋር ሆና ታንኳውን ታገላብጠዋለች። አንድ ፀሐይ። ሁለት ፀሐይ። ሦስት ፀሐይ።

ዓርብ ማለዳ ነካ አደረገችው። «ኮሽ! ኮሽ!» አለ።

ገፉት። «ሽርርር!» ገባ። ትርንጎ ከአባባ ፊት ተቀመጠች። «ጨብ! ጨብ! ጨብ!»

ደሴቷ ደረሱ። ጎጆዎቹ ባዶ ናቸው። አንድም ጫጩት የለም።

«በሩብኝ» አለች ትርንጎ። «ሁሉም በሩብኝ።»

አባባ በጆሮዋ ቀስ ብለው «እስቲ ዓይንሽ...» አሏት።

«...ይንገርሽ» አለች ትርንጎ። ቀና ብላም አየች።

አንዲት ትንሽ ጥቁር ወፍ ድንጋይ ላይ ቆማለች! ክንፎቿን ግራና ቀኝ ዘርግታለች። ግን አትበርም።

«ለምን...» ትርንጎ ጥያቄዋን ዋጠችው። ዝም ብላ አየች።

ከክንፏ ጫፍ ውሃ ይወርዳል። «ጠብ! ጠብ! ጠብ!»

«አባባ» አለች በሹክሹክታ። «ውሃ ውስጥ ገብታ ነበር። ክንፏ ርሷል። ቆማ እየደረቀች ነው፤ ልክ እንደ ታንኳችን!»

አባባ ልየው መቅዘፊያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ወፏን ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ስንት ዓመት ሙሉ በዚህ ሳልፍ እነዚህ ወፎች እንዲህ ቆመው አያቸዋለሁ» አሉ። «ለምን ብዬ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ዛሬ አንቺ አስተማርሽኝ።»

ትርንጎ ደስ አላት። ደስታዋ ጉንጯን አሞቃት።

ያን ጊዜ ወፏ ክንፏን አራገፈች። «ፍርርርር!» በትርንጎ ራስ ላይ አልፋ በረረች!

ማታ ከሐይቁ ተመለሱ። ትርንጎ ማንም ሳያዛት «አባባ፣ ይያዙልኝ!» አለች። ታንኳውን ከሾላው ጋር አቆሙት።

እራቷን በልታ ከአባባ ጎን ጋደም አለች። «አባባ፣ ጨረቃ ለምን...» ዓይኗ ከበዳት።

አባባ ጋቢያቸውን አለበሷት። «ዛሬ ዓይንሽ ብዙ ሲሠራ ዋለ። አሁን ይረፍ» አሏት። «ነገ ደግሞ ይነግርሻል።»

ደጅ ታንኳው ቆሟል። እሱም እያረፈ ነው። «ጠብ... ጠብ... ጠብ...»