አልፈታም ያለው ካንዴላ

«በቃ ተይው፣ ትሰብሪዋለሽ!» አለች ጓደኛዋ ሳቂታ፣ ሰው እንዳይመጣ በዕቃ ቤቱ ማዕዘን አሻግራ እያየች።

መርማሪዋ ግን መፍቻውን አልለቀቀችም። ይህን ቅጽል ስም ያወጡላት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው፤ አንድ ነገር ካልገባት ዕረፍት የላትም። ዛሬ ያልገባት የትምህርት ቤቱ ሣር ማጨጃ ነው። ገመዱ ሲሳብ ያስልና ጸጥ ይላል። የአትክልት ክበብ ኃላፊዋ መምህርት ጠዋት ሽማግሌውን አትክልተኛ በተማሪ ፊት ተቆጥተዋቸው ነበር። «ካንዴላው እንደሆነ ባለፈው ወር ተቀይሯል! እርስዎ ነዎት ቆሻሻ ቤንዚን ሞልተው ሞተሩን የገደሉት!» ካንዴላውን ቀይሬዋለሁ ያለችው ሳቂታ ናት።

ካንዴላው ቋ ብሎ ተላቀቀ። መርማሪዋ አሽከርክራ አወጣችውና ወደ ብርሃን አዞረችው። ጥላሸት ለብሷል፤ እሳት የሚፈናጠርበት ጫፍ ተበልቶ ዶልዱሟል።

«ይኼ የወር ዕድሜ ያለው ነው እንዴ?»

ሳቂታ አልሳቀችም። «መኪና ላይ እኮ ለዓመታት ይቆያል። እናትሽ ታክሲ ነጂ አይደሉ? ጠይቂያቸው።»

«ምሳ ሰዓት ጠይቄያታለሁ። እንደ ዓይነቱ ነው አለችኝ፤ ሠላሳ ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ የሚቀየር አለ፣ መቶ ሺህ የሚሄድም አለ። የትንንሽ ሞተር ግን በየዓመቱ ነው፤ ብዙ ከሠራ ከዚያም በፊት። ለምን ስላት፣ ሣር ማጨጃ አቧራ እየቃመ ሁልጊዜ በሙሉ ጉልበቱ ይጮሃል፣ መኪና ግን መሃል መሃል ላይ ቀስ ይላል አለች። በአንድ ወር ግን እንዲህ አይበላም። ቆይ ቆይ፣ አዲሱ ታዲያ የት ገባ?»

ሳቂታ ከቦርሳዋ ያልተከፈተ ትንሽ ካርቶን አወጣች።

«አሮጌው አልፈታም አለኝ። የክበቡ ወንዶች እንዳይቀልዱብኝ ቀይሬዋለሁ አልኩ። ከዚያ እንዴት ብዬ ዋሽቼ ነው ልበል? እንግጠመውና ዝም እንበል፤ ከሠራ ማን ይጠይቃል? ፕሊስ!»

አዲሱን በእጃቸው አሽከርክረው አስገቡት፣ በመፍቻም ትንሽ አጠበቁት። ሳቂታ ገመዱን ሳበች። ሞተሩ አጓርቶ ተነሳ! ተቃቅፈው ዘለሉ።

ሜዳው ዳር በማጭድ ያጭዱ የነበሩት አትክልተኛ ቀና አሉ። «ተነሳ እንዴ? እኔ እኮ ቤንዚኑን ሁለት ጊዜ ደፍቼ ሞልቼዋለሁ! ምን ነክቶት ኖሯል፣ ልጆቼ?»

ሳቂታ የጓደኛዋን ክንድ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። መርማሪዋ ሰው ጥያቄ ሲጠይቃት እንዲህ የምትጨነቅ አይመስላትም ነበር። ሞተሩን አጠፋች። አሮጌውን ካንዴላ ሳቂታ መዳፍ ላይ አስቀምጣ ጣቶቿን አጠፈችላት።

«አንቺ ንገሪያቸው። ከዚያ መምህርት ጋ እንሄዳለን።»

«አብረን?»

«አብረን።»

ሳቂታ ወደ ሽማግሌው አየች። ከዚያ ቀድማ ወደ ሜዳው መራመድ ጀመረች፤ መርማሪዋም መፍቻውን እንደያዘች ከጎኗ ሄደች።