በማንቆርቆሪያው ላይ የታዩት ጃንጥላዎች

ፎቶ አንሺው በገዛ ስቱዲዮው ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ኮት ለብሷል፤ ክራቫት አስሯል፤ ጫማው ተወልውሎ ያብረቀርቃል። አጠገቡ የመብራት ማቆሚያ ብረት ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎ፣ ለአንድ ፋብሪካ ማስታወቂያ ሊነሳ የመጣ፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ማንቆርቆሪያ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ካሜራው በሦስት እግሩ ቆሟል፤ አናቱ ላይ አዲስ ፍላሽ ተሰክቶበታል። ክፍሉ መስኮት የለውም።

ባልደረቦቿ «መርፌዋ» የሚሏት መርማሪ ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ከሟቹ ኪስ የዚያኑ ዕለት ጠዋት የተቆረጠ የፍላሽ መግዣ ደረሰኝና ከነማሸጊያቸው ያሉ አራት ባትሪዎች አወጣች።

«ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ውስጥ ነው የሞተው» አላት ሐኪሙ። «ከዚህ በላይ አታስጨንቂኝ።»

ካሜራውን የሚያየው ፖሊስ ቀና አለ። «እኔ ላሳጥርልሽ። የመጨረሻው ፎቶ የዚህ ማንቆርቆሪያ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ይላል። እስከዚያ በሕይወት ነበር ማለት ነው።»

«ካሜራው እንደዚያ ይላል» አለች መርማሪዋ፤ ፎቶውንም አስፍታ ለረጅም ጊዜ አየችው።

ወደ ስቱዲዮው እንደ ልባቸው የሚገቡት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፦ ከጓሮ ባለው ቤት አብራው የምትኖረው ሚስቱ፣ ፎቶዎችን በኮምፒዩተር የምታስተካክለው ኤዲተር፣ ከሟቹ ተማሪነት ተነስቶ ሸሪክ የሆነው ሰውዬ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልትሰናበተው በሩን ከፍታ ሬሳውን ያገኘችው ኤዲተሯ ናት።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከምሳ ተመለስኩ። በሩ ላይ ‹ሥራ ላይ ነኝ› የሚለው ካርድ ተንጠልጥሏል። ጋሼ ያ ካርድ ካለ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ እንዲጠሯቸው አይወዱም።»

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ምን ሠሩ?»

«ምን እሠራለሁ? መብራት ጠፍቶ ኮምፒዩተሩ ድርግም ብሏል። እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ።»

«ብቻዎን?»

«ብቻዬን» አለችና ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው፤ ፊቷ አመድ መሰለ። «ወይኔ! እኔን ነው የጠረጠሩት?»

መርማሪዋ ወደ ጓሮው ቤት ተሻገረች።

ሚስትየው ዓይኗ ደርቆ ነበር፤ ለቅሶው ገና አልደረሰም።

«መብራቱ መቼ እንደጠፋ ያስታውሳሉ፣ እትዬ?»

«ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ። ልብስ እየተኮስኩ ነበር፤ ካውያው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። የመጣው አሥር ተኩል ነው።»

«ሰሞኑን ባለቤትዎን ያስከፋቸው ነገር ነበር?»

«ሰኞ ዕለት የፎቶ ውድድር መጽሔት አየ። አንደኛ የወጣው ፎቶ የሱ ነው። የተጻፈው ስም ግን የሸሪኩ። ‹ልጄ› የሚለው ሰው! ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አደረ።»

ሸሪኩ ከውድድሩ የሽልማት አዳራሽ በቀጥታ ነው የመጣው፤ ደረቱ ላይ ያለውን አበባ እንኳ አላወለቀም።

«እኔ ስምንት ተኩል ላይ ወጣሁ። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ከተማው ማዶ፣ ሁለት መቶ ሰው ፊት ነበርኩ። ጠይቁ።»

«ሟቹ ለምን አብረዎት አልሄዱም?»

«ሥራ አለብኝ አለ። ማንቆርቆሪያውን ሊያነሳ እየተሰናዳ ነበር። መርቆ ነው የሸኘኝ።»

«አዲሱን ፍላሽ አይተውታል?»

«እንዴታ! ካሜራው ላይ ሰክቶት ነበር።»

«አዳራሹ መብራት ነበረው?»

ሰውዬው ጥያቄው ገረመው። «እንደ ቀን ነበር የሚያበራው። ምነው?»

«እንዲያው ነው» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት በደረሰኙ አድራሻ ሄደች። ባለሱቁ ሟቹን በደንብ ያስታውሰዋል።

«ትልቁንና ውዱን ላሳየው ብል እምቢ አለኝ። ‹አንገቱ ወደ ላይ የሚታጠፍ ይበቃኛል› አለ። ‹ከሰዓት ሽልማቱ ጋ እሄዳለሁ። የአዳራሹ ጣሪያ ነጭ ነው፤ ብርሃኑን ወደ ጣሪያው ልኬ ሰው ላይ በለስላሳው አወርደዋለሁ። ፊት ለፊት ሲተኮስ ሰውን ሌባ ያስመስላል› ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ደስ አይልም ነበር።»

መርማሪዋ ያንኑ ዓይነት ፍላሽ ተውሳ ተመለሰች። አራት ሰዓት ላይ ሦስቱንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ፖሊሱ በሩን ዘግቶ ቆመ።

«የዘጠኝ ሰዓት ከሃያው ፎቶ» ብላ ጀመረች፣ «አንዱን ነፃ አውጥቶ ሌላዋን የሚያስር ፎቶ ነው። እሱን ካመንን ሟቹ ሲገደል ሸሪኩ ከተማው ማዶ ነበሩ፤ እዚህ የነበረችው ኤዲተሯ ናት።»

ኤዲተሯ አፏን በእጇ ያዘች።

«ግን ከስምንት ሰዓት ከአርባ እስከ አሥር ተኩል እዚህ ሰፈር መብራት አልነበረም። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ይህ ፎቶ በምን ብርሃን ተነሳ?»

ሸሪኩ ፈገግ አለ። «ይቅርታ፣ እመቤት፣ ይህ የኛ ሙያ ነው። ፍላሽ በባትሪ ነው የሚሠራው። መብራት ጠፋ አልጠፋ ግድ የለውም።»

«ልክ ነዎት። እንሞክረዋ።»

የተዋሰችውን ፍላሽ ካሜራው ላይ ሰካችና መብራቱን አጠፋች። ጨለማው ውስጥ ብልጭ አለ። ፎቶውን ለሁሉም አሳየች፤ በማንቆርቆሪያው ሆድ ላይ ከጥፍር የማትበልጥ አንዲት ነጭ ነጥብ ተቀምጣለች። ከዚያ የሟቹን ካሜራ አዞረችላቸው።

«እዚህስ ምን ይታያችኋል?»

«ሁለት ጃንጥላ» አለች ኤዲተሯ በቀጭን ድምፅ። «በግራና በቀኝ፣ ሁለት ትልልቅ ነጭ ጃንጥላ። እነዚያ ብርሃን ማለስለሻ ጃንጥላ የተደፋባቸው የስቱዲዮ መብራቶች ናቸው! ግድግዳው ላይ ካልተሰኩ አይሠሩም።»

«በሟቹ ፍላሽ ደግሞ ማንም አንድም ጊዜ አልተኮሰም። ፋብሪካው የባትሪ ቤቱ ላይ የለጠፈው ስስ ፕላስቲክ እንኳ አልተነሳም። እንግዲህ ፎቶው የተነሳው መብራት ሳይጠፋ፣ ከስምንት ሰዓት ከአርባ በፊት ነው። የካሜራ ሰዓት የሚለው እጃችን የነገረውን ነው። አንድ ሰው ወደፊት ገፍቶት አነሳ፤ ከዚያ መለሰው፤ በሩ ላይ ካርዱን ሰቅሎ ወጣ።»

«ማንም ሊያደርገው ይችላል!» አለ ሸሪኩ።

«ማንም አይችልም። በዚህ ፎቶ ለማታለል የሚያስብ ሰው መብራት መጥፋቱን የማያውቅ መሆን አለበት። እትዬ በካውያቸው አውቀዋል፤ ኤዲተሯ በኮምፒዩተሯ። እንደ ቀን በሚያበራ አዳራሽ ውስጥ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ‹ሥራ አለብኝ› አለ ያሉት ሰው ደግሞ ክራቫት አስሮ፣ ለዚያ አዳራሽ ጣሪያ የሚሆን ፍላሽ መርጦ ገዝቶ ነበር። ሊመጣብዎት ነበር። ሊመጣ መሆኑንም ለእርስዎ ነገረዎት።»

ሸሪኩ የኮቱን ቁልፍ ሲፈታና ሲቆልፍ ቆየ።

«አትምጣ ብዬ ለመንኩት» አለ በመጨረሻ። «‹መድረኩ ላይ ስትወጣ ቆሜ አነሳሃለሁ፤ ምንም አልናገርም› አለኝ። ‹ዓይኔን እያየህ ተቀበል› አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ብረቱ እጄ ውስጥ እንዴት እንደገባ…»

ፖሊሱ ጠጋ አለው። ያን ጊዜ ሚስትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«አንተ ልጅ፣ አሥራ ሁለት ዓመት እጃችን ላይ ነበርክ። አንድ ቀን ‹ጋሼ፣ ይህን ፎቶ ስጠኝ› ብለህ ብትጠይቀው እኮ ይሰጥህ ነበር።»

እስከዚያ ድረስ አንገቱን ያልደፋው ሰው ያን ጊዜ አቀረቀረ፤ ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አወጣው።