ዱቄት የለበሰው ሐውልት

አርዲስ ፔንሮድ የተገኘችው በቤተሰቡ የመቃብር ቦታ፣ በቅድመ አያቷ በኤሊሁ ሐውልት ሥር በጀርባዋ ተንጋልላ ነው። ጭንቅላቷ ከኋላ በኩል በሐውልቱ መቀመጫ ጠርዝ ተፈንክቷል። ሐውልቱ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ነጭ ዱቄት ለብሷል። ቅዳሜ ማለዳ ነበር፤ ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ገና ከሣሩ ላይ አልደረቀም።

እኛ የነብራስካ ሜዳ ሰዎች ለሞቱ ዘመዶቻችን ከምናሳየው ፍቅር ግማሹን እንኳ በሕይወት ላሉት ብናካፍል ኖሮ፣ ይህን ታሪክ የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር። ፔንሮዶች በዚህ ከሁላችንም ይብሳሉ። ቅድመ አያታቸው ኤሊሁ ከኦሃዮ ተነስቶ፣ በኢንዲያናና በአዮዋ አልፎ፣ ሚስቱን ሱዛናን በበሬ ሠረገላ ጭኖ ወደ ምዕራብ እንደመጣና የዚህን መሬት ሣር ለመጀመሪያ ጊዜ በማረሻ እንደገለበጠ ሳይነግሩህ እራት አያበሉህም። በማግሥቱ እሑድ ከየአቅጣጫው ስልሳ ዘመድ ይጠበቅ ነበር። ባለሥልጣናትም መጥተው፣ ከመቶ ዓመት በላይ ከአንድ ቤተሰብ እጅ ላልወጣ እርሻ የሚሰጠውን የነሐስ ሰሌዳ በሩ ላይ ሊሰቅሉ ነበር። የኤሊሁን ጉዞ በሰው ፊት ቆማ እንድትተርክ የተመረጠችው አርዲስ ነበረች። ሳታገባ፣ ሳትወልድ፣ የዕረፍት ጊዜዋን ሁሉ በየመቃብሩ እየዞረች የዘር ሐረጉን የለቀመችው እሷ ናትና።

የአውራጃው መርማሪ ኤሚል ሲኮራ የታመመ ጉልበቱን እየጎተተ ኮረብታውን ወጣ። የጡረታ ዕድሜው ያለፈ ሰው ነው፤ ከአፉ የሱፍ ፍሬ አይለይም።

«ማን አገኛት?»

«እኔ ነኝ» አለ የወንድሟ ልጅ ጋሌን። ፊቱ አመድ መስሏል። «ለነገው እንግዳ ሣሩን ላጭድ ነበር የመጣሁት።»

ሬሳውን ያየው ሐኪም ኤሚልን ወደ ጎን ሳብ አድርጎ «ወዲያው አልሞተችም» አለው በዝግታ። «ትንሽ ቆይታለች። ሰው ደርሶላት ቢሆን ኖሮ…»

ኤሚል ተንበረከከና የአርዲስን እጆች ገልብጦ አየ። ንጹሕ ናቸው። ከሐውልቱ ላይ ዱቄት በጣቱ ጠረገና ወደ ምላሱ አስጠጋ። ፊቱን ትንሽ አኮማተረ።

የአርዲስ ታላቅ ወንድም፣ የጋሌን አባት ዌንደል፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ አጥሩ አጠገብ ቆሟል። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እርሻውም፣ ቤቱም፣ ቤተሰቡም የሚታዘዘው ለእሱ ነው።

«ምን የሚመረመር ነገር አለ?» አለ። «የተበላ ፊደል እንዲነበብላት ድንጋዩን ዱቄት ስትቀባ እርጥቡ ሣር አንሸራተታት፤ አለቀ። ይሄው ነው ሥራዋ።»

«አንተ ዌንደል፣ ትምህርት ቤት እያለንም መልሱን የምትናገረው ከጥያቄው በፊት ነበር» አለው ኤሚል።

ከዚያም ሐውልቱን እንደገና አየው። ዌንደል ራሱ ያቆመው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ የኤሊሁ ስም ጣት እስኪያስገባ ድረስ ተቆፍሮ ተጽፎበታል። ከአጥሩ ማዶ ሆኖም ይነበባል። ከጎኑ ያለችው የሱዛና ድንጋይ ግን ትንሽ፣ የተበላች፣ ፊደሏ የጠፋ ናት። እሷ ላይ አንዲት ቅንጣት ዱቄት የለም።

በአርዲስ መኪና ውስጥ በፎጣ የተጠቀለለ ትልቅ መስታወት፣ ለስላሳ ብሩሽና የውሃ ጠርሙስ አገኘ።

የጋሌን ሚስት ኖርማ ወጥ ቤት ውስጥ ዶሮ እየበለተች ታለቅሳለች። ስልሳ እንግዳ ይመጣል፤ ሐዘን ቢኖርም ዶሮው መጠበስ አለበት።

«መስታወቱ ለምንድን ነው?» አላት ኤሚል።

«ፀሐይ ለመጥለፍ። ከጎን ሲያበሩበት የጠፋው ፊደል ጥላ ያወጣና ይነበባል። እኔ ራሴ ስንቴ ይዤላታለሁ! እጄ እስኪዝል።»

«ዱቄትስ?»

«ዱቄት?» ኖርማ ቢላውን አስቀመጠች። «አንድ ቀን በዱቄት ብንሞክረውስ ብዬ ልትበላኝ ነበር። ድንጋዩን ያበሰብሰዋል ትላለች። ዱቄት በእጇ አትነካም፣ አቶ ኤሚል። እኔም ጠዋት ስሰማ ግራ ገብቶኛል።»

በጓሮው በር ውስጥ ባለች ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ የለበሰ ጎድጓዳ ሳህን አለ። ከበላዩ ግድግዳው ላይ ስልኩ ተሰቅሏል። ኤሚል ጨርቁን ገለጠ።

«የዶሮው ዱቄት ነው፣ ማታ ያዘጋጀሁት» አለች ኖርማ። «ጠዋት ሳየው ጎድሏል። ጋሌን ላይ ጮህኩበት፤ ውሻው ይሆናል አለኝ።»

«ውሻው ጨርቁን መልሶ አለበሰው?»

ኤሚል ከዚያኛውም ትንሽ ቀመሰና አመስግኗት ወጣ።

ጋሌን ከጎተራው ጀርባ ትራክተሩን ተደግፎ ቆሟል። ያ ዓመት ባንክ የጎረቤቶቻቸውን እርሻ በሐራጅ የሚሸጥበት ክፉ ዓመት ነበር፤ ጋሌንም በጥቂት ወራት ውስጥ አርጅቷል።

«ከመሬቱ ግማሹ የአርዲስ ነው አሉ» አለ ኤሚል።

«ነው። ለእህቴ ለማርላ ልታወርሳት ነበር። ያወቅኩት ከሌላ ሰው እንዳይመስልዎ፤ ራሷ ነገረችኝ።»

«ተናደድክ?»

«እንዴት አልናደድ! ያረስኩት እኔ፣ የከሰርኩት እኔ። ሰደብኳት፤ ይኸው ይቅርታ ሳልጠይቃት ሞተች።» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «ልጅ ሆነን መስታወቱን ለመያዝ ከማርላ ጋር እንጣላ ነበር። ያቺ ሴት ለኔ እናት ነበረች።»

«ማርላ የት ነው ያለችው?»

«ኦሬጎን። ሃያ ዓመቷ ከወጣች። ባል ሳይኖራት አረገዘችና አባዬ በዚያው ሌሊት አባረራት። ‹ፔንሮዶች ከኦሃዮ እስከዚህ ሲመጡ እንዲህ ያለ ነገር በዘራችን አልተሰማም› አላት። ስሟም በዚህ ቤት ተነስቶ አያውቅም።»

ይህን ሲባባሉ አቧራ የጠጣች መኪና በበሩ ገባች። የወረደችው ሴት ዌንደልን ቁርጥ ነች፤ መንጋጋዋ እንኳ የሱ ነው። ዌንደል በረንዳው ላይ ነበር። አያትና ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ቤት ገባ።

«ማርላ» አለ ጋሌን።

«አክስቴ ናት የጠራችኝ» አለች ማርላ። «ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነይ፣ ከአባትሽ ጋር አስቀድሜ እነጋገራለሁ ብላኝ ነበር። የት ናት?»

የነገራት ኤሚል ነው። ማርላ መኪናዋን ተደግፋ ረጅም ጊዜ አለቀሰች። ኤሚልም ሳያጣድፍ ጠበቃት።

«ያለፈው ማክሰኞ አዮዋ አብረን ነበርን» አለች በመጨረሻ። «አንድ የተረሳ መቃብር ውስጥ። እሷ አነበበች፣ እኔ መስታወት ያዝኩ።»

«ምን አነበባችሁ፣ ልጄ?»

ነገረችው። ኤሚል የሱፍ ፍሬ ማኘኩን አቆመ።

ከሰዓት በኋላ አራቱንም በምግቡ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጣቸው። ዌንደል በራሱ ወንበር፣ በጠረጴዛው ራስ፣ የኤሊሁ ነው ከሚሉት አሮጌ ቀንበር ሥር ተቀምጧል። ማርላን አላያትም።

«አርዲስ ተንሸራታ አልወደቀችም» አለ ኤሚል። «ድንጋዩን ዱቄት የቀባችው እሷ ብትሆን ኖሮ እጇ ላይ ዱቄት ይገኝ ነበር። አልተገኘም። ስለዚህ የቀባው ሌላ ሰው ነው። ሥራዋ ላይ እያለች የወደቀች እንድትመስል።»

«ማንም መንገደኛ…» አለ ዌንደል።

«ዱቄቱ ጨውና ቁንዶ በርበሬ አለበት። የኖርማ የዶሮ ዱቄት ነው፤ ቀምሼዋለሁ። መንገደኛ ከዚህ ቤት ዱቄት ቀድቶ፣ ጨርቁን መልሶ አልብሶ አይሄድም። ከቤት ሰው ነው። ኖርማ፣ ለሌላ ጉዳይ ዱቄት ብትፈልጊ ከየት ትወስጃለሽ?»

«ከጓዳው፣ ከከረጢቱ ነዋ። በርበሬ ያለበትን ምን አደርገዋለሁ?»

«በዚያ ላይ አንቺ አርዲስ ዱቄት እንደምትጠላ ታውቂያለሽ። ጋሌንም ያውቃል፤ ማርላም ታውቃለች። ሦስታችሁም መስታወት ይዛችሁላታል። ከሦስታችሁ አንዳችሁ ሐሰት ልትሠሩ ብትፈልጉ መስታወቱን ከመኪናዋ አውጥታችሁ አጠገቧ ትጥሉት ነበር፤ እኔም አምኜ እሄድ ነበር።» ወደ ጠረጴዛው ራስ ዞረ። «ዌንደል፣ በዚህ ሁሉ ዘመን እህትህ ድንጋይ ስታነብ አንድ ቀን አብረሃት ቆመህ ታውቃለህ?»

ዌንደል ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ አዞረ።

«አልቆምክም። ያመጣችልህን ታሪክ በየእራቱ ስትተርክ ኖርክ፤ እንዴት እንዳመጣችው ግን አንዴ ዞር ብለህ አላየህም። በልጅነታችን እናቶቻችን ድንጋይ ሲቀቡት ያየኸው ዱቄት ብቻ ትዝ አለህ። ደግሞ ሳህኑ ውስጥ ያለው ምን እንደተቀላቀለበት የማያውቅ፣ በዚህ ቤት ምጣድ ነክቶ የማያውቅ ሰው አንድ ነው።»

«ለምን ብዬ ነው እህቴን የምገድላት?» አለ ዌንደል።

«ማርላ፣ ንገሪው።»

«አዮዋ ያለው ድንጋይ የኤሊሁ ነው» አለች ማርላ። «የሞተው በ1871 ጸደይ ነው ይላል። እዚያው ነው የተቀበረው። የሱ ልጅ ነው የምንለው የአንተ አያት ኦሪን የተወለደው እዚህ፣ ከአፈር በተሠራው ቤት፣ በ1874 ነው። ይህን ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ በቃላችን እናውቀዋለን። ኤሊሁ ይህን መሬት አልረገጠም፣ አባዬ። በሬዎቹን የነዳችው ሱዛና ናት። መሬቱን በስሟ የያዘችውም እሷ ናት፤ ያኔ ለመበለት ይሰጥ ነበር። ልጇን የወለደችው ያለ ባል ነው። ከማን እንደሆነ አይታወቅም፤ አክስቴም ማወቅ አልፈለገችም። ሱዛና ለጎረቤት ‹ባሌ እዚህ እንደደረስን ሞተብኝ› ብላ ፈጥራ ነገረች፤ እኛም ለፈጠራው ሐውልት አቆምንለት።»

ጋሌን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ዛሬ ጠዋት አርዲስ ይህን ሐውልቱ ሥር ነገረችህ» አለ ኤሚል። «ከዚያስ?»

ዌንደል ጠረጴዛውን እያየ ለማንም ሳይሆን ለራሱ እንደሚናገር ተናገረ።

«‹ነገ ይህን ነው የምተርከው› አለችኝ። ‹ዛሬ ማርላ ትመጣለች፣ አስገባት። ሱዛና ያደረገችውን ነው ያደረገችው፤ ያባረርካት በከንቱ ነው› አለችኝ። በከንቱ! ሃያ ዓመት ያለ ልጄ የኖርኩት በከንቱ? ዝም እንድትል ነው የገፋኋት። ዝም እንድትል ብቻ።»

«ገፍተሃት ብታበቃ፣ አዝንልህ ነበር» አለ ኤሚል። አሁን ተቆጥቷል፤ ቁጣውን ሊደብቀውም አልሞከረም። «ሐኪሙ ወዲያው አልሞተችም ብሏል። አንተ ወደ ቤት ወረድክ። ጓሮው በር ጋ ደረስክ። ስልኩ ከሳህኑ በላይ ነው የተሰቀለው፣ ዌንደል። እጅህን ወደ ላይ ብትሰድ ሐኪም ነበር። ዱቄቱን መረጥክ።»

ኖርማ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ኤሚል ዌንደልን ክንዱን ይዞ አስነሳው። በሩ ጋ ሲደርስ፣ ማርላ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቡ ቆመች።

«ያን ሌሊት በሆዴ የነበረችው ልጅ አድጋለች» አለችው። «ስሟን ግን አልጠየቅኸኝም።»

ዌንደል ቀና ብሎ አያት።

«ሱዛና ነው» አለችው። «አንተ የምትነግረንን ታሪክ ወድጄው ነው ያወጣሁላት።»

ኤሚል ወደ መኪናው ወሰደው።

እሑድ ማለዳ ማርላና ጋሌን ባልዲ ይዘው ኮረብታውን ወጡ። ማርላ ሐውልቱን በንጹሕ ውሃና በለስላሳው ብሩሽ፣ አክስቷ እንዳስተማረቻት፣ ሳትቸኩል አጠበችው። ከዚያ ጋሌን መስታወቱን ያዘና ፀሐይዋን ወደ ትንሿ ድንጋይ መለሳት። የሱዛና ስም ብቅ አለ፤ እጁ ሲዝልና መስታወቱ ሲያዘነብል ተመልሶ ጠፋ።

ከታች ባለሥልጣናቱ ደርሰው ነበር። የሆነውን ማንም ደፍሮ አልነገራቸውም። ሰሌዳውን በአራት ምስማር በሩ ላይ መትተው፣ ዶሮ በልተው ሄዱ። እስከ ዛሬ እዚያው አለ፤ በትልልቅ ፊደል የተጻፈበትም የኤሊሁ ፔንሮድ ስም ነው።