ቀንድ የሌላት አበባ

ዶክተር ወልደአማኑኤል ሚዛን ተፈሪ ከተማ በተከራዩት ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ኢንስፔክተር የዓለምዘርፍ ስትደርስ አጠገባቸው የነበረው ብርጭቆ ገና ለብ ያለ ነበር። ሐኪሙ ልባቸውን ያቆመው መርዝ ሳይሆን አይቀርም ብሏት ወጣ።

ሟቹ ስለ መድኃኒት ዕፅዋት መጽሐፍ የጻፉ ተመራማሪ ነበሩ። ከማጂ በታች ባለው ቆላ፣ አፈሩ በጨው ከነጣ ሆራ ዳር አበባ ሲለቅሙ ሰንብተው መመለሳቸው ነው። ከዚያ ያመጧትን ሐምራዊ አበባ ለሆድ ሕመማቸው አፍልተው ይጠጧት ነበር። ያልፈላው ትራፊ በሳህን ላይ ጠውልጎ ተቀምጧል።

ቤት ውስጥ የነበሩት ባለቤታቸው፣ ሾፌራቸውና ረዳታቸው ብቻ ናቸው። የዓለምዘርፍ ሳህኑንና የሟቹን መጽሐፍ ይዛ በረንዳ ላይ ተቀመጠችና በየተራ እየጠራች ለያንዳንዳቸው ከዚያው ትራፊ አንዲት አበባ ሰጠቻቸው።

ሾፌሩ ኸይሩ «ዶክተር ሁልጊዜ የሚጠጧት ናት» እያለ አበባዋን ሊያኝካት ወደ አፉ ሲወስዳት እጁን ያዘችው።

«መንገድ ላይ ጠብ ነበር?»

«ቱም ከተማ ላይ። አንዲት እናት መኪናችንን አስቆመች። ‹ለሆዷ ይሆናታል ብላችሁ የሰጣችሁኝ አበባ ልጄን ገደላት› አለች። ረዳቱ እንድርያስ ሊወርድ በሩን ከፈተ። ዶክተር ግን ‹ዝጋው፤ ንዳ› አሉ።»

«አንተስ?»

ኸይሩ አንገቱን ደፋ። «ነዳሁ።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ንጋቷ አበባዋን እንደተቀበሉ ገልብጠው ጀርባዋን አዩ።

«ይቺማ ደህነኛዋ ናት። ቀንድ የላትም።»

«ምን ቀንድ?»

«ሁለት ዓይነት ናቸው። መልካቸው አንድ ነው፤ አንደኛዋ ግን ከጀርባዋ እንደ ቀንድ ሹል ያለ ነገር አላት። እሱ ከማፍላቱ በፊት አንድ በአንድ እየገለበጠ ቀንዳሟን ይጥላል። ለምን ስለው ‹ለጣዕሙ› ይለኛል።»

«መጽሐፋቸው ላይ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው ብለው ጽፈዋል።»

ሴትዮዋ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። «አውቃለሁ» አሉ። «እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

ረዳታቸው እንድርያስ የአበባዋን ዘንግ በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዞ፣ ሳያያት አግዳሚው ላይ አስቀመጣት። ከዚያ ጣቶቹን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«የትኛዋ ናት?» አለችው።

«ዶክተር አንድ ናቸው ብለዋል። እኔም ለይቼ አላውቅም።»

የዓለምዘርፍ የሟቹን አጉሊ መነጽር አንስታ የሳህኑን አበቦች ስታይ ቆየች። ከዚያ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ስለበረታ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጀመረች።

«ዶክተር ልዩነቱን በደንብ ያውቁ ነበር። ባያውቁ ኖሮ እየገለበጡ አይለቅሙም ነበር። ዛሬም ገልብጠው አይተዋል፤ ቀንድ ሲያጡ አመኑና ጠጡ። ግን በመነጽሩ ስታዩት፣ በያንዳንዷ አበባ ጀርባ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ። ቀንዱ በስለት ተቆርጧል። የደከመ ዓይናቸው ያን አላየላቸውም።»

መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ኸይሩ መርዝ መሆኗን ቢያውቅ አፉ ውስጥ ሊከታት አይሞክርም። ወይዘሮ ንጋቷም እንደ ባላቸው ተታለው ‹ደህነኛዋ ናት› አሉኝ። የቆረጡት እሳቸው ቢሆኑ ኖሮ ስለ ቀንዱ ለእኔ ማን ይነግረኝ ነበር? አንተ ግን እንድርያስ፣ ሳትገለብጣት ፈራሃት። ለይተህ የማታውቃትን አበባ ነክተህ ጣትህን ለምን ጠረግህ?»

እንድርያስ ለመካድ አልሞከረም።

«ለልጅቷ እናት አበባዋን በእጄ የሰጠኋት እኔ ነኝ» አለ። «የጻፉትን አምኜ። ከቱም እንደወጣን ‹እባክዎ ስህተቱን እንናገር፣ ሌላ ሰው ይሞታል› ብዬ ለመንኳቸው። ‹ድሮም በሽተኛ ነበረች› አሉኝ። በነጋታው ለራሳቸው የሚያፈሉትን ሲመርጡ አየኋቸው፤ ቀንዳሟን እየለዩ ሲጥሉ! አንድ ናቸው ካሉ እንግዲህ ይጠጧት አልኩ። ምርጫው የእሳቸው ነበር።»

«አልነበረም» አለች የዓለምዘርፍ። «ምርጫ ልትሰጣቸው ብትፈልግ ቀንዱን አትቆርጥም ነበር። የልጅቷ እናት ሳታውቅ እንዳጠጣች፣ እሳቸውም ሳያውቁ ጠጡ።»

እንድርያስ ወደ እሷ ቀረበ። ሁለት እጆቹን ዘረጋላትና ካቴናው ገባለት።

ወይዘሮ ንጋቷ ከተቀመጡበት ተነሡ። ባላቸው የሞቱበትን ወንበር ሳያዩ አልፈው ኸይሩ ፊት ቆሙ።

«ቱም ትወስደኛለህ። መጽሐፉ ውሸት መሆኑን እኔው በአፌ ለእናቲቱ ልንገራት።» ትንሽ አሰቡ። «ስሟ ማን ነው?»

ኸይሩ እንድርያስን አየው። እንድርያስ ወደ መሬት አቀረቀረ።

«አልጠየቅናትም» አለ እንድርያስ።