የማይስቀው ቀልደኛ

መልአኩ በስደት አገር፣ አሌክሳንድራ ሰፈር፣ በወንድሙ በዓብዩ ስፓዛ፣ በትንሿ የሰፈር ሱቅ ጓዳ ውስጥ ሞቶ ሲገኝ፣ ሰፈርተኛው «ኮሮና ነው!» ብሎ ሸሸ። ጓደኛው ታፈሰ ግን ጣቱን የሟች ሚስት ፊቤ ላይ ቀሰረ።

«ትናንት አፍልተሽ ያመጣሽለት መድኃኒት ነው የገደለው። ለፖሊስ እናገራለሁ!»

ፊቤ ልጆቿን አሰበች። እሷ ከታሰረች ኮዝሞ ሲቲ፣ ቤቷ ያሉት ሁለት ልጆቿ ማን አላቸው? ወይ ጉድ!

መልአኩ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ወረርሽኙ ዩኒቨርሲቲውን ሲያዘጋ፣ የዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ አሜሪካን ያሳቀውን የአንድ ቀልደኛ ገጣሚ ሥራዎች ከታፈሰ ጋር መተርጎም ያዘ። ማታ ማታ በስልክ ለሚያውቃቸው ሰዎች ያነብላቸዋል፤ የፈራው ሁሉ ይስቃል። ሳል ሲጀምረው ልጆቹን እንዳያስይዝ ተብሎ ወንድሙ ሱቅ ገባ።

አገር ቤት የወንጀል መርማሪ የነበረችው ሸፊቃ ተጠርታ መጣች። የሬሳውን ጥፍር አየች። የከሰል ማንደጃውን ዳሰሰች፤ የበሩን መቀርቀሪያ ወዲያ ወዲህ ገፋችው።

«ዓብዩ፣ ማታ አየኸው?»

«አላየሁትም፤ በግድግዳው ግን ሰማሁት። ግጥሙን እያነበበ ከት ከት ብሎ ይስቅ ነበር። ጠዋት ባንኳኳ ዝም አለኝ። ከውስጥ ቀርቅሮት ነበር፤ ሰብሬ ገባሁ።»

«አንተስ ታፈሰ?»

«ስሜን ከትርጉሙ አውጥቶት ተጣልተን ነበር፤ አልደብቅም። ግን ቤቴ ነው ያደርኩት!»

ሸፊቃ ሦስቱንም ባንኮኒው ጋ ሰበሰበቻቸው። 

«የፊቤ መድኃኒት ከነክዳኑ ነው፤ ጠብታ አልቀመሰም። ጥፍሩን ያቀላው የከሰል ጭስ ነው። ታፈሰ፣ ያ የምትተረጉሙት ገጣሚ ሲያነብ እንዴት ነበር ይባላል?»

«እንደ ለቀስተኛ ተኮሳትሮ! ሰዉ በሳቅ ሲፈርስ እሱ ፍንክች አይልም። መልአኩም የሱን ፈለግ ነው የያዘው፤ ሲያነብ አንድ ቀን እንኳ ስቆ…» ታፈሰ ሳይጨርስ ወደ ዓብዩ ዞረ።

«የሰማኸው ሳቅ አይደለም፣ ዓብዩ» አለች ሸፊቃ። «በርም አልሰበርክም፤ መቀርቀሪያው ጭረት እንኳ የለውም። ከውጭ ቆልፈህበታል።»

ዓብዩ የሆነውን ሁሉ ዘረገፈው። «ክሊኒክ ልሂድ አለኝ! ኮሮና አለበት ከተባለ ሱቁን ያሽጉታል፣ ሰፈሩም ያቃጥለናል ብዬ ፈራሁ። እስኪነጋ ብዬ ቆለፍኩበት። ለብርዱ ከሰል አስገብቶ ነበር…»

«ሲያንኳኳ ሰምተሃል?»

ዓብዩ መሬት መሬቱን አየ። «ሰምቻለሁ።»

«ፊቤ፣ አንቺን የሚነካሽ የለም» አለች ሸፊቃ በለሰለሰ ድምፅ። «ተነሺ፣ ልጆችሽ ጋ ልውሰድሽ።»

ፊቤ አልተነሳችም።

«ቤት ልተኛ ብሎኝ ነበር እኮ» አለች። «እኔ ነኝ ‹ወንድምህ ጋ ሂድ፣ እሱ አይጨክንብህም› ያልኩት።»