ዓይን የማያየው ሽቦ

ከኮሪያ የተመለሰው ተመራማሪ ኢማድ መካነ ሰላም ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ፣ ከከሰል ምድጃ አጠገብ ሞቶ ተገኘ። በሩ ከውጭ ተቀርቅሯል፤ መስኮቱ በብረት ታጥሯል። ምስኪኑ ጭሱ ሲያፍነው መውጫ አላገኘም።

ኢንስፔክተር የሻለም ከደሴ እንደ ደረሰች ዝናቡ መንገዱን ቆረጠው፤ እሷም እንደ ተጠርጣሪዎቹ መውጫ አጥታ እዚያው ቀረች። ከሰሉን ያቀጣጠለችው ሚስቱ ፈርሂያ ልጇን እንዳዘለች በካቴና ታስራለች።

«ወላሂ፣ ለብርዱ ብዬ ነው! በሩንም ገርበብ አድርጌ ነው የወጣሁት።»

ከሪያድ የተመለሰው ወንድሙ ሱፍያን በአባታቸው ቤት ጉዳይ ከሟች ጋር ተኳርፏል። «ትናንት ደጎሎ ነበርኩ፤ የሚኒባሱን ሾፌር ይጠይቁት» አለ። ሾፌሩም አረጋገጠለት።

የፊዚክስ መምህሩ አበጋዝ ግን ሳይጠየቅ ነው የጀመረው።

«እሷ ስትወጣ ገባሁ። ኢማድ ከኮሪያ ያመጣውን ሽቦ በዚህ ማይክሮስኮፕ አሳየኝ። እንደ ፀጉር ቀጥኖ ያብረቀርቃል! በሩን ክፍት ትቼው ሄድኩ። ተመልሳ ዘግታበት ይሆናላ።»

የሻለም የተማሪዎቹን ማይክሮስኮፕ፣ ቀጥሎም ሽቦው ያለበትን የሟችን ትንሽ ሳጥን አገላብጣ አየች። እሽጉ አልተነካም።

ሬሳው ከቀትር በኋላ ካለው የአስር ሶላት በፊት ሊቀበር፣ ፈርሂያም ወህኒ ልትወርድ ነው። የሻለም ሬሳው ባረፈበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ፈርሂያ፣ ስለ ሽቦው ምን ይልሽ ነበር?»

«ሁለት ስስ ንጣፎች ጎን ለጎን አድገው ሲገናኙ፣ መጋጠሚያቸው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል ይለኝ ነበር። ስፋቱ ጥቂት አቶም ነው። ‹ዓይንሽ አያየውም፤ እመኚኝ› ይለኛል።»

የሻለም ወደ አበጋዝ ዞረች።

«መምህር፣ አቶም በዚህ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ሳጥኑም አልተከፈተም። ስለዚህ አሳየኝ ያሉት ውሸት ነው። ከተማው ሁሉ ‹ሽቦውን አየኸው?› ሲልዎት፣ አላየሁም ለማለት አፈሩ። ይህን የፊዚክስ መምህር አይስተውም፤ እርስዎ ሳቱት። ኢማድም ፊዚክስ እንዳልተማሩ ደርሶብዎታል ማለት ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ መቀርቀሪያውን መግፋት ብቻ ነበር የቀረዎት። ለመሆኑ ዲግሪዎን ከየት አመጡት?»

አበጋዝ አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«እሱም... ይህንኑ ነው የጠየቀኝ። ነገ ለርዕሰ መምህሩ እናገራለሁ አለ። ልጆች አሉኝ አልኩት።»

«እሱም አለው» አለች የሻለም፣ የፈርሂያን ካቴና እየፈታች።

ፖሊሶቹ አበጋዝን ይዘው ወጡ። የመጨረሻው ፖሊስ በሩን መለስ ሊያደርግ ሲል ፈርሂያ ሮጣ ያዘችው።

«አትዝጉት» አለች፤ ዝናቡ ፊቷን እየመታት ቆመች። «ኢማድ ትንሽ አየር ያግኝ።»