ፊኛውን ማን ነፋው?

ይሄ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ካላመናችሁ ተዉት፤ ከማንም ጋር አልከራከርም።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ቤቱ ውስጥ ፀሐይ ገብቷል። ጨለማ የለ፣ መብራት አልጠፋ... ምንም።

እኔና ታናሽ እህቴ ሚጡ ወደዚህ ቤት የገባነው በቅርቡ ነው። በድሮው ቤታችን፣ ከቁምሳጥኑ ጀርባ፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሻጋታ ጠቁሮ አገኘነው። እዚያ ግድግዳ ሥር የምተኛው እኔ ነበርኩ።

አከራያችንን ጠርቼ አሳየሁት። ያኔ "አንቱ" እለው ነበር፤ አሁን አልለውም።

"ሻጋታ ዳቦ ላይ ነው ልጄ" አለኝ። "ይሄ እርጥበት ነው። ቁምሳጥኑን መልሺና ተኚ።"

አፈር ያስበላውና! ቁምሳጥኑን መለስኩት። ተኛሁ።

ብዙም ሳይቆይ ደረጃ መውጣት አቃተኝ። አስተማሪ ነኝ፤ ሰሌዳው ፊት ቆሜ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ደረቴ ሲጥ ሲጥ ይላል። ሐኪሙ "ከዚያ ቤት ባስቸኳይ ውጪ" አለኝ። ወጣን። በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ታዘዘልኝ። ነርሷ ደግሞ አንድ ነጭ ፊኛ እጄ ላይ አስቀመጠች።

"ጠዋትና ማታ እፍ እያልሽ ንፊው። የሰው ጭንቅላት ሲያክል ሥራሽን ትጀምሪያለሽ።"

ሎሚ እንኳ አላክል አለኝ።

ሚጡ ሳቀችብኝ። የመዋቢያ ሱቅ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ቀይ ሊፕስቲክ ሳትቀባ ከቤት አትወጣም።

"ያን ሁሉ ተማሪ በጩኸት ስታርበደብጂ የኖርሽው ሴትዮ በፊኛ ተሸነፍሽ?"

እና ያን ቀን በዘጠኝ ሰዓት... ባዶውን ፊኛ ጠረጴዛ ላይ ትቼ ፊቴን ልታጠብ ገባሁ።

ስመለስ ተነፍቷል።

የሰው ጭንቅላት ያክላል። አፉ ታስሯል።

"ሚጡ!"

ጓዳውን ከፍቼ አየሁ።

"ሚጡ፣ አትቀልጂብኝ!"

ሚጡ ሥራ ላይ ናት። በሩን ከውስጥ የቀረቀርኩት ራሴ ነኝ።

ክው አልኩ።

ጠጋ ብዬ አየሁት። የታሰረበት ጫፍ ገና እርጥብ ነው... ሊፕስቲክ ግን አልነካውም።

ፈታሁት። አየሩ ፊቴ ላይ ወጣ።

የድሮው ክፍል ሽታ! ያ የቆየ እርጥብ ጨርቅ ሽታ...

ደረቴ ጥርቅም አለ። መድኃኒቱን ሳብኩ... አልገባም። ደግሜ ሳብኩ... አልገባም። ወለሉ ላይ ተዘረጋሁ።

ፊኛው አጠገቤ ወድቋል። አፉ ክፍት ነው።

ቀስ ብሎ... ማበጥ ጀመረ።

እኔ ትንፋሽ ባጠረኝ ቁጥር እሱ ይሞላል።

በሩ ተንኳኳ። ሚጡ ነበረች፤ ያን ቀን ከሱቅ ቀድማ ወጥታለች። እየዳህኩ ሄጄ ከፈትኩላት።

"ምን ሆነሻል?! ኧረ ምን ሆነሻል?"

"እሱ... ትንፋሼን... ወሰደ..." በጣቴ አሳየኋት።

እህቴ ስትናደድ አትቻልም። ፊኛውን ብድግ አደረገችው።

"ወሰደ? ታዲያ አስመልሰዋለኋ!"

"ተይ... አፍሽ ላይ... አታድርጊው..."

አደረገችው።

ጉንጮቿ ተነፉ። ዓይኖቿ ፈጠጡ። መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። እሷ ግን እየነፋችው አልነበረም...

እሱ ነበር የሚነፋት።

ፊኛው ተንፍሶ ወደቀ። በዚያው ቅጽበት ደረቴ ተከፈተ። ኡፍፍ... አየር እስከ ሆዴ ገባ። ከስንት ጊዜ በኋላ! ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ሚጡ ሳለች።

"ምንም አይደል..." አለች በሹክሹክታ። "አቧራ ነው..."

ደረቷ ሲጥ ሲጥ ይላል።

አሁን እኔ አስተምራለሁ። ድምፄ ግቢው ድረስ ይሰማል። ሚጡ ሱቁን ትታ አልጋ ላይ ናት፤ ጠዋትና ማታ አዲስ ፊኛ እፍ ትላለች። ሎሚ አያክልም። ሐኪሙ "አንቺም እዚያ ግድግዳ ሥር ትተኚ ነበር?" አላት። አንድ ቀን እንኳ እዚያ ተኝታ አታውቅም።

አሮጌውን ፊኛ በመቀስ ቆራርጬ ጥዬው ነበር።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠረጴዛው ላይ አገኘሁት። የተቆረጠበት ምልክት የለም። ሙሉ ነው። ታስሯል።

ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳሁት። ቀይ የከንፈር ቅርጽ አለበት... የእህቴ ሊፕስቲክ።

በአውራ ጣቴ ጠረግኩት። አልለቀቀም።

ደግሜ ጠረግኩት...

ከውስጥ በኩል ነው።